የደከመው መብራት ምስክርነት

የፓትሪክ ሐሚልተን «የጋዝ መብራት» እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1938 በለንደን አጠገብ በሚገኘው በሪችመንድ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ በቃ። ሦስት ገቢር ያለው፣ ከአንዲት ሳሎን የማይወጣ፣ በአንድ ቀን ማምሻ ተጀምሮ በዚያው ሌሊት የሚያልቅ ተውኔት ነው። ከዚህ ተውኔት ርእስ የተወለደው ግሥ ግን ዛሬ ከተውኔቱም ሆነ ከደራሲው ይልቅ ታውቋል። ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት አሳታሚ በ2022 «ጋዝላይቲንግ»ን የዓመቱ ቃል አድርጎ ሲመርጥ፣ ፍቺውን የሚሹ ሰዎች ቁጥር በዚያ ዓመት 1,740 በመቶ እንደ ጨመረ አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ፍቺ ባጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ሰው ሌላውን ሰው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን እንዲጠራጠር፣ ውሎ አድሮም የራሱን የማመዛዘን ችሎታ ጨርሶ እንዳያምን ሆን ብሎ፣ ቀስ በቀስ የማድረግ ተግባር ማለት ነው። ፍቺው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሲነበብ የጠራ ነው። በአፍ ሲነገር ግን ሌላ መልክ ይይዛል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በሚኖሩ ወጣት አማርኛ ተናጋሪዎች አንደበት «ጋዝላይት አታድርገኝ» ሲባል መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ይህ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ወገን ስለ ዋሸ፣ ወይም በሐሳብ ስላልተስማማ፣ ወይም ቀጠሮ ረስቶ አልረሳሁም ስላለ ነው። ቃሉ እንዲህ ለማንኛውም ጭቅጭቅ መጠሪያ ሲሆን የሚጎዳው ሌላ ማንም አይደለም። ድርጊቱ በእርግጥ የተፈጸመበት ሰው በብዙ ድካም ያገኘውን ስም መልሶ ያጣዋል። ስለዚህም ወደ ተውኔቱ ተመልሶ ቃሉ ከየትኛው ትዕይንት እንደ ተቀዳ መመርመር ተገቢ ነው፤ ምርመራውም ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል።

የተውኔቱ መቼት 1880 ለንደን ነው፤ ፒምሊኮ በተባለ ሰፈር፣ ኤንጀል ስትሪት በተባለ ጎዳና ላይ የሚገኝ ባለ ፎቅ ቤት። ባለቤቱ ሚስተር ማኒንግሃም መልከ መልካም፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ ቁጣውን እንኳ በልክ የሚያወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ቤላ፣ እናቷ አእምሮዋን ስታ የሞተችባት፣ ያው ዕጣ ይደርሰኛል ብላ የምትሰጋ ሴት ናት። ቤቱ የተገዛውም በእሷ ገንዘብ ነው። ሰውየው ይህን ቤት የፈለገበት ምክንያት ኋላ ይገለጻል። ከዓመታት በፊት አሊስ ባርሎ የተባለች ባለጸጋ ሴት በዚሁ ቤት ገድሎ ቀይ ዕንቁዎቿን ሳያገኝ አምልጦ ነበር። ማታ ማታ ለመዝናናት የሚሄድ መስሎ ከቤት ይወጣና፣ በሌላ ቤት በኩል ጣራ ለጣራ ተሻግሮ ወደ ተዘጋው የላይኛው ፎቅ ይገባል፤ እዚያም ዕንቁውን ይፈልጋል።

ሐሚልተን ታሪኩን የሚከፍተው ግን በግድያው አይደለም፤ ከግድግዳ ላይ በጠፋች ትንሽ ሥዕል ነው። ባል ለሚስቱ ቴአትር ሊወስዳት ቃል ይገባል፤ ፊቷ ይፈካል፤ ወዲያው ቀና ብሎ የሥዕሉን ቦታ ባዶነት ያያል። የቤት ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠርቶ መጽሐፍ ቅዱስ እያሳለመ ያስምላቸዋል። እሷም ትምላለች። ከዚያ ሥዕሉን ፈልጊ ስትባል ቀድሞ ሲጠፋ ወደ ተገኘበት ሥፍራ ትሄዳለች፤ ሥዕሉም እዚያው ይገኛል። ባልየው የሚፈርደው ያን ጊዜ ነው፤ ያለበትን ቦታ ካወቅሽ የደበቅሽው አንቺ ነሽ ይላታል። የዚህ ትዕይንት ጭካኔ ከመሳደብና ከመምታት ይከፋል። ያለፈውን ማስታወሷ፣ ማለትም አእምሮዋ ጤነኛ ለመሆኑ ሊቀርብ የሚችለው ብቸኛ ማስረጃ፣ የዕብደቷ ማረጋገጫ ሆኖ ቀረበባት። ለሠራተኞቹ ፊት መቅረቡም አለነገር አይደለም። የቤቱ እመቤት በገረዶቿ ፊት እንደ ሌባ ከማለች በኋላ ነገ የምትናገረውን ማን ያምናታል?

አሁን ወደ መብራቱ። በዚያ ዘመን የለንደን ቤቶች የሚበሩት ከከተማው ማምረቻ በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት መብራቶች ሁሉ ከአንድ ቧንቧ ስለሚጠጡ፣ በአንዱ ክፍል አዲስ መብራት ሲለኮስ ግፊቱ ይቀንስና የሌላው ክፍል ብርሃን ይደክማል። ማኒንግሃም ከላይ ሆኖ መብራት ሲለኩስ ሳሎኑ ይደበዝዛል፤ ሥራውን ጨርሶ ሲያጠፋ ሳሎኑ መልሶ ይፈካል። ቤላ ይህን በየሌሊቱ ታያለች፤ ኮቴም ከላይ ትሰማለች፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ስለምታውቅ ለማንም አትናገርም።

እዚህ ላይ ነው ቃሉና ተውኔቱ የሚለያዩት። ዛሬ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የቃሉ ማብራሪያዎችም ጭምር፣ ባልየው ሚስቱን ለማሳበድ ሲል መብራቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ «ምንም አልተለወጠም» ይላት የነበረ አድርገው ይተርካሉ። ተውኔቱ እንዲህ አይልም። ማኒንግሃም ሆን ብሎ የሚሰውረው ሥዕልና የቤት ወጪ ደረሰኝ የመሳሰለውን ነው። መብራቱን ግን ልብ አላለውም። የብርሃኑ መድከም ተንኮሉ ሳይሆን ስሕተቱ ነው። እንዲያውም በዚያ ቤት ውስጥ እሱ ሊያዘው ያልቻለው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው መብራት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በዋሸበት ቤት እውነቱን ሳያቋርጥ የተናገረው እሱ ነው። ስለዚህ ዓለም ለዚህ ክፉ ድርጊት ስም ሲፈልግ ስሙን የወሰደው ከወንጀሉ ሳይሆን ከምስክሩ ነው። ተውኔቱን ሳያዩ ቃሉን የሚናገሩ ሰዎች ይህን ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ ስለ ቃሉ መጻሕፍት የሚጽፉት ግን ሊዘነጉት ባልተገባ ነበር።

የቴአትር ጥበብ ብልጫም የሚታየው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ «ብርሃኑ ደከመ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ደከመ ያለው ማን እንደሆነ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ምናልባት የታመመችው ሴት ዓይን ይሆናል። በመድረክ ላይ ግን ብርሃኑ በተመልካቹም ፊት ላይ ይደክማል። አዳራሹ የሞላው ሕዝብ ማንም ሳይነግረው አይቷል፤ ከዚህ በኋላ ቤላ አብዳለች ቢባል እሺ አይልም። ጡረተኛው መርማሪ ራፍ ከእሷ ጋር ተቀምጦ ሳለ መብራቱ ሲደክም፣ እሱም ማየቱን ሲነግራት፣ የሴትዮዋ ትንፋሽ የሚመለሰው የነፍሰ ገዳዩን ማንነት ስለ ሰማች አይደለም። ሁለተኛ ሰው ስላየላት ነው።

የተውኔቱ ድካምም መነገር አለበት። ራፍ ገና ከመግባቱ የግድያውን ታሪክ ከሥር እስከ ጫፍ ስለሚያወራ፣ ሁለተኛው ገቢር ባል መቼ ይመጣል ከሚል ስጋት ሌላ የሚይዘው ምስጢር የለውም። ሽማግሌው እንደ መድኃኒት እያለ ውስኪ ሲያጠጣት የሚታየው ቀልድም ለገበያ የተጨመረ ይመስላል። ይህን ሁሉ የሚክሰው መጨረሻው ነው። ባል ታስሮ፣ ቤላ ብቻዋን ከእሱ ጋር እንድትሆን ስትፈቀድ፣ ገመዱን ቆርጣ እንድትለቀው ይለምናታል። እሷ ደግሞ እሱ ባስተማራት ቋንቋ ትመልስለታለች፤ ያበደች ሴት ነገር ይጠፋባታል፣ ያበደች ሴት የያዘችውን አታውቅም፣ ታዲያ እንዴት አድርጋ ታድነዋለች? የስድቡን ቃል መሣሪያ አድርጋ ስትመልስበት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ሥዕሉን ስትፈልግ የነበረችው ሴት ናት ብሎ ማመን ይቸግራል።

ተውኔቱ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ «ኤንጀል ስትሪት» በሚል ርእስ ዲሴምበር 5 ቀን 1941 ሲከፈት ማኒንግሃምን የተጫወተው ቪንሰንት ፕራይስ ነበር፤ 1,295 ጊዜም ታየ። ከዚያ በፊት በ1940 ቶሮልድ ዲኪንሰን በእንግሊዝ ፊልም አድርጎት ነበር። ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የራሱን ፊልም ለመሥራት መብቱን ሲገዛ የእንግሊዙ ፊልም ቅጂዎች እንዲጠፉ እንደ ጣረ ይነገራል። አንድ ፊልም እንዳልነበረ ለማድረግ መሞከር ከተውኔቱ ጭብጥ ጋር እንዲህ መገጣጠሙ ያስገርማል።

በ1944 ጆርጅ ኩከር ያዘጋጀው የአሜሪካው ፊልም ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ሆነ፤ ኢንግሪድ በርግማንም በዚሁ የኦስካር ሽልማት አገኘች። ፊልሙ ስሞቹን ለውጧል፤ ሚስት ፓውላ፣ ባል ግሪጎሪ ሆነዋል፤ ሽማግሌው መርማሪም በወጣት ተተክቷል። ይህ ለውጥ ተውኔቱን ጎድቶታል ማለት ይቻላል፤ አባት የሚመስል ሰው ያየውን አይቻለሁ ሲልና ውብ ጎልማሳ ሲል አንድ አይደለምና። ይሁን እንጂ ፊልሙ አንድ ትልቅ ነገር ጨምሯል። መርማሪው መጥቶ ከሄደ በኋላ ባል ተመልሶ ጠረጴዛው ተሰብሮ ሲያገኝ፣ ፓውላ ሰው መጥቶ እንደ ከፈተው ትነግረዋለች። ወጥ ቤቷ ኤልሳቤጥ ስትጠየቅ እመቤቷን የጠቀመች መስሏት ማንንም አላየሁም ትላለች። ፓውላ በፊልሙ ሁሉ ከደረሰባት የከፋው ይህ ነው፤ ያንን ሰው ያለመችው መሰላት። የጠላት ውሸት ያላፈረሰውን የወዳጅ ውሸት አፈረሰው። ቃሉን ዛሬ ለማንኛውም ውሸት የሚጠቀሙበት ሰዎች ይህን ትዕይንት ቢያጤኑ፣ ነገሩ የሚፈጸመው በውሸቱ ክብደት ሳይሆን ዓይኗን የሚያጸናላት ሰው በማጣቷ መሆኑን በተረዱ ነበር።

ከሌሎች ሥራዎች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይጠራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያቀረበውን «ኦቴሎ» የሚያውቅ ተመልካች ኢያጎን ወዲያው ሊያስታውስ ይችላል። ነገር ግን ኢያጎ ኦቴሎን ሚስቱን እንዲጠራጠር እንጂ የራሱን ዓይን እንዲጠራጠር አላደረገውም። እንዲያውም መሐረቧን ለዓይኑ ማስረጃ አድርጎ አቀረበለት፤ ኦቴሎ የጠፋው ዓይኑን ከልክ በላይ በማመኑ ነው። ሼክስፒር በሌላው ተውኔቱ ፔትሩቺዮ ሚስቱን ፀሐይዋን ጨረቃ ናት እንድትል ያስገድዳታል። ካትሪና ግን ፀሐይ መሆኗን ታውቃለች፤ አፏ እንጂ ልቧ አልተሸነፈም። በጥንቱ የሕንድ የፓንቻታንትራ ተረት፣ ፍየል የተሸከመውን ሰው ሦስት አጭበርባሪዎች ተራ በተራ እየጠበቁ ውሻ ተሸክመሃል ብለው ያስጥሉታል። ይህ ወደ ማኒንግሃም ይቀርባል፤ ሆኖም እዚያ የሠራው ቁጥር ነው፣ እዚህ ግን የተዘጋ በር። በአደባባይ የሚሄድ ሰውን ለማሳት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ከዘመድ ከተለየች ሴት ጋር ግን አንድ ሰው ይበቃል።

ድርጊቱ ከሳሎን ወጥቶ የመንግሥት አሠራር የሆነበት ጊዜም አለ። የምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ጸጥታ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 1976 ባወጣው ቁጥር 1/76 መመሪያ፣ ተቃዋሚን ሳያስሩ ከውስጥ የማፈራረስን ዘዴ ደንገገ። ከ1992 ጀምሮ ለተበዳዮቹ የተከፈቱት መዛግብትና የተበዳዮቹ ምስክርነት እንደሚያሳዩት፣ ሠራተኞቹ ሰው በሌለበት ቤት እየገቡ ሥዕል ከግድግዳ ያወርዱ፣ የማንቂያ ሰዓት ያዛውሩ፣ የሻይ ቅጠል ይለውጡ ነበር። ተበዳዩ ቢከስ ምን ብሎ ይከሳል? ሌባ ገብቶ ሻይ ቀየረብኝ ቢል ሐኪም ዘንድ ይላካል። ሐሚልተን ከ38 ዓመት በፊት ከግድግዳ ያወረዳት ሥዕል እዚያ የመዝገብ ቁጥር ተሰጣት።

ሕክምናውና ሕጉ ዘግይተው ደረሱ። በ1969 ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት፣ ዘመዶቻቸው ሆን ብለው የአእምሮ ሕመምተኛ አስመስለው ሆስፒታል ሊያስገቧቸው የሞከሩ ሰዎችን ጉዳይ «የጋዝ መብራት ክሥተት» በሚል ስም አወጣ። በ2015 ደግሞ የእንግሊዝ ሕግ በቤተ ሰብ ውስጥ ተደጋጋሚ የማስገደድና የመቆጣጠር ጠባይን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጎ ደነገገ፤ «ጋዝላይቲንግ» የሚለውን ቃል ግን ድንጋጌው አልጠቀሰም።

በአማርኛ ይህን ምን ማለት ይሻላል? ሸወደው፣ ፎገረው የሚሉት የአራዳ ቃላት አንድ ጊዜ ተደርገው ለሚያበቁ ነገሮች ናቸው፤ የተሸወደ ሰው ሲነቃ ይስቃል ወይም ይቆጣል እንጂ ራሱን አይጠራጠርም። አወናበደው፣ አደናገረው የሚሉት ሰፊ ናቸው፤ ገበያም ፖለቲካም ይገባቸዋል። አጃጃለው ከጅል የወጣ እንደ መሆኑ ይቀርባል፤ ነገር ግን ተጃጃይውን የሚያሳፍር ቃል ነው። «አፍዝ አደንግዝ» ለተመልካች ጆሮ የሚጥም ቢሆንም ጉዳዩን ወደ መድኃኒትና ድግምት ይወስደዋል፤ ማኒንግሃም ደግሞ ድግምት አላስፈለገውም። «ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ» የሚለው አነጋገር ከሁሉ ይበልጥ ድንቅ ነው፤ ዓይን አለበት፣ ክሕደት አለበት። ዳሩ ግን የሚታጠበው የከሃዲው ዓይን ነው። እዚህ የሚፈለገው የሌላውን ዓይን ማጠብ ነው። ካደ ከሚለው ግሥ «አስካደ» ይወጣል፤ ሰውን ሃይማኖቱን ማስካድ እንደሚባለው ሁሉ «ዓይንን ማስካድ» ቢባል ሥራውን በትክክል ይሰይማል፤ ባዕድ ቃሉ የማይናገረውን፣ ማለትም ተበዳዩ በገዛ አፉ ያየውን እንዲክድ መደረጉን፣ ይናገራልና።

ስሙ ባይኖርም ድርጊቱ በአማርኛ ቤቶች ውስጥ ሲነገር የኖረባቸው ዐረፍተ ነገሮች ግን ሞልተዋል። «መስሎሽ ነው» የሚለው ሁለት ቃል ከማኒንግሃም ገጾች ብዙዎቹን ይተካል። በድምፅ ሳይጮኽ፣ እንዲያውም በርኅራኄ ሊነገር ይችላል። «ደግሞ ጀመረሽ»፣ «ተነሣብሽ» የሚሉት ደግሞ ከዚያም ይከፋሉ። በአማርኛ ሕመም ባለቤት ሲሆን ሰውዬው ተሳቢ ይሆናል፤ አመማት፣ ቆረጣት፣ ለከፋት እንደሚባለው። ጠየቀች፣ ተቆጣች፣ አየች የሚሉት የሴትዮዋ ሥራዎች ናቸው፤ «ተነሣባት» ሲባል ግን አድራጊዋ እሷ መሆኗ ይቀርና የማይታይ ሌላ ነገር ይሆናል። ባሏ የት አመሸህ ብላ የጠየቀችው ሚስት ጥያቄዋ ሳይመለስ በሽተኛ ትሆናለች፤ ጎረቤትም ጠበል እንዲወስዳት ይመክረዋል፤ እሱም የታገሠ ባል ተብሎ ይመሰገናል። እንግሊዝኛው ይህን በሰዋስው ለመሥራት አቅም የለውም፤ ሐሚልተን ለዚህ የሞተች እናት መጨመር አስፈልጎታል።

ተውኔቱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቃለ ተውኔቱን ከዚህ ክምችት ሊቀዳ ይችላል፤ የሚቸግረው መብራቱ ነው። «ጋዝ» ለአማርኛ ተናጋሪ በኩራዝና በፋኖስ የሚቀዳ ላምባ ነው፤ ፋኖስ ደግሞ የየራሱን ጋዝ ስለሚይዝ አንዱ ሲለኮስ ሌላው አይደክምም። ስለዚህ ርእሱ ብቻውን ሲተረጎም ምስጢሩ ይሞታል። ታሪኩ አዲስ አበባ ቢዛወር ሁሉም የሚያውቀው ምትክ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ የግቢው አምፖል ሁሉ ይደክማል፤ ልጆች እንኳ አምፖሉን አይተው ማን እንጀራ መጋገር እንደ ጀመረ ይገምታሉ። ይህ ግን ለባልየው የተዘጋጀ ሰበብ ይሆናል፤ ሚስት መብራቱ ደከመ ስትለው ጎረቤት ጥደው ነው ይላታል፤ ንግግሩም እውነት ይመስላል። ተርጓሚው ሰዓቱን ማስመሸት ይኖርበታል፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንጀራ የሚጋግር ጎረቤት የለምና።